«አልጠራሁትም» ያለችው ተከራዬ

ቀን፦ የሐውልቱ ሰልፍ ዋዜማ

ለእመ መዓት ቁጡዓን ማኅበር
ለሊቀ ቁጡዓን ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ በቤቴ ተከራይታ የምትገኘውን አምላካችሁን እንድትረከቡኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሊቀ ቁጡዓን፤

እኔ አመልካች ከማኅበሩ ዋና በር ፊት ለፊት የምሠራ ልብስ ሰፊ ነኝ። የተዋጊዎቻችሁን ቀይ ካባ ጫፍ ስጠቀልልና የረገፈ ቁልፋቸውን ስተክል ኖሬአለሁ። ለማዕረግ ፈተና የሚዘጋጁትም በእኔው መስታወት ፊት ቆመው ግንባራቸውን ሲቋጥሩ ይውላሉ፤ በዚህ አንድም ቀን ከፍቶኝ አያውቅም። ጽሕፈት ቤታችሁን እስከ ዛሬ ያስቸገርኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በተራው ይመጣል።

፩. ዝናብ ሲጥል በዋለበት አንድ ቀን አንዲት አጠር ያለች ሴት ሹራቧ በስብሶ «የሚከራይ ክፍል አለ» የሚለውን ጽሑፌን አይታ ገባች። አስቀድማ የሄደችው ወደ እናንተ በር ነበር። ዘበኛው ቀጠሮ ጠየቃት፤ የላትም። «ማን ልበል?» ቢላት «እመ መዓት ነኝ» አለችው። እሱም ቀና ብሎ ግቢ ውስጥ የቆመውን ሐውልት፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ እሷን ካየ በኋላ «እናቴ፣ አንቺ እኮ ግንባርሽ እንኳ አልተቋጠረም» ብሎ መለሳት። በዘበኛው አልፈርድበትም። ሐውልቱ ሰይፍ መዞ፣ ቅንድቡ ተጋጥሞ፣ ከጣሪያችን በላይ የቆመ ነው። የእሷ ፊት ግን ዳቦ ለመግዛት ተራ የያዘች ሴት ፊት ነው።

፪. እኔም መጀመሪያ አላመንኳትም፤ ተከራይ ብዙ ነገር ይላል። ካውያዬ በተበላሸ ዕለት ግን «እስኪ አምጪው» ብላ አንዱን ሱሪ በመዳፏ ዳበስ ብታደርገው መስመሩ ቀጥ ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ «እትዬ» እላታለሁ። ዕድሜዋን ስለማላውቅ መጠንቀቁ ይሻላል ብዬ ነው።

፫. ጠባይዋ መልካም ቢሆንም ከእሷ ጋር መኖር መከራ ነው። ስጋ ሻጫችን ሲመዝን ጣቱን ሚዛኑ ላይ ጣል ማድረጉን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ለሚያልፉት ተዋጊዎቻችሁም ደጋግመን ነግረን «የዘንድሮ የቁጣ ዕቅድ መቶ በመቶ ስለተሳካ ተዘግቷል» ተብለናል። እትዬ ዕቅድ የላትም። አንዲት አሮጊት ሲያታልል አየችውና ፊቱ ቆመች፤ ሚዛኑ ቀለጠ። ጎረቤቴ የታመመ ተከራዩን ዕቃ ሜዳ ላይ ሲያወጣ የቤቱ ቁልፍ መዳፉ ላይ ጋለበት፤ እስካሁን ሰላም የሚለን በግራ እጁ ነው። እኔም አልተረፍኩም። የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ሳልጀምረው «ደርሷል፣ ነገ ነይ» ብዬ ብመልሳት መርፌው በጣቶቼ መሃል ቀልጦ ጠፋ። እግዜር ያሳያችሁ፤ ልብስ ሰፊ «ነገ ነይ» ሳይል እንዴት ይኖራል? እንግዲህ ቀን ተሌት ስሟን የምትጠሩት እናንተ ስለሆናችሁ፣ መጥታችሁ ትረከቡኝ ዘንድ ይህን ማመልከቻ መጻፍ ጀመርኩ።

፬. እዚህ ላይ ፈርሜ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም በሰላም ባደርን ነበር። ነገር ግን የቢሮ ቋንቋ ስለማይሆንልኝ፣ አጻጻፉን ልቀዳ ብዬ ከእናንተ የደረሰኝን ብቸኛ ደብዳቤ ከግድግዳ ላይ አወረድኩ። መስታወት ውስጥ ያስገባሁት ነው፤ የእርስዎ ፊርማ አለበት። እትዬ ከአጠገቤ ቁጭ ብላ አነበበችው። «የጀግናውን ልጅዎን ዕረፍት በታላቅ ኩራት እየገለጽን፣ እናታችን ጠርታዋለችና ይጽናኑ» ይላል።

«እናታችን የሚሉት ማንን ነው?» አለችኝ።

«አንቺን ነዋ፣ እትዬ።»

ማንቆርቆሪያው ሳይጣድ ፈላ። ከዚያ «እኔ አልጠራሁትም» አለች። «ይህን ልጅ አላውቀውም። ማን ነበር?»

፭. ክቡርነትዎም ምናልባት ስለማያውቁት እነግርዎታለሁ። ጓደኞቹ «ሳቂታው» ይሉት ነበር። ግንባር የመቋጠር ፈተና በተቀመጠ ቁጥር ሳቁ ያመልጠውና ይወድቃል። እናንተ ዘንድ ፊቱ የተፈታ ሰው ስለማያድግ ሐውልቱን ማጠብና ለሰልፍ ሲወጣ ከመቆሚያው ማውረድ ሰጣችሁት። ቤት ሲመጣ ካባውን ወንበር ላይ ወርውሮ የአለቃውን ፊት እየሠራ በሳቅ ይገድለኝ ነበር። ስስቅ ስፌቴ ይጣመምብኛል፤ ደግሞም እቆጣው ነበር።

የማውረጃው ገመድ ተበልቶ ማለቁን ያየው እሱ ነው። «ይህ ገመድ ሰው ይገድላል» ብሎ ለአለቃው ተናገረ። አለቃውም ሕጋችሁን ጠቀሰለት፦ ለሌላ ሲቆጡ ቁጣ፣ ለራስ ሲቆጡ ኩርፊያ። «ከሥር የምትቆመው አንተው ስለሆንክ ያንተ ኩርፊያ ነው» አለው። ሐውልቱ ሲወርድ ገመዱ ተበጠሰ። ልጄ አጠገቡ የነበረውን ጓደኛውን ገፍትሮ አወጣው፤ እሱ ግን አልወጣም። ይህን የነገረኝ የተገፈተረው ልጅ ነው። አሁንም ካባውን እኔ ዘንድ ያሰፋል፤ ቀና ብሎ ግን አያየኝም።

፮. ያን ጊዜ ነው እናንተ ዘንድ መጥቼ አቤት ያልኩት። የመዝገብ ቤቱ ሰው ወንበር ስቦ በትሕትና አስቀመጠኝና «እናቴ፣ ልጅዎ የራስዎ ነው። ስለዚህ የእርስዎም ኩርፊያ ነው፤ ኩርፊያ ደግሞ በዚህ ቢሮ አይታይም» አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ማመስገኔ ነው። ዝም አይነቅዝም ብዬ፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ መርፌዬን ያዝኩ። ሆዴ ግን አልፈጀውም፤ እሱ ነው ሆዴን የፈጀው።

ልጄን የጠራች እናት ካለች እኔ ነኝ። ምሳ ሲደርስ በመስኮቱ ብቅ ብዬ እጠራዋለሁ። ሐውልቱን እያጠበ፣ ጓደኞቹ እየሳቁበት፣ ከመንገዱ ማዶ «አቤት እማዬ!» ይለኛል። ካለፈም በኋላ ምሳ ሲደርስ ረስቼው የጠራሁባቸው ቀናት አሉ።

፯. ይህን ለእትዬ እያወራሁላት ሳለ ያው የተገፈተረው ልጅ ለነገው ሰልፍ ካባውን ሊወስድ መጣ። እኔን ማየት ቢያቅተው እሷን አያትና፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ ማልቀስ ጀመረ። አዲስ ገመድ አልተገዛም አለን። የተበጠሰው ቦታ ተቋጥሮ፣ ቋጠሮው እንዳይታይ በቀይ ቀለም ተቀብቶ ተሰቅሏል። ግንባር መቋጠር ብቻ የተማረ ማኅበር ሌላ ምን ሊያደርግ ይችላል? «እማማ፣ ነገ ከሥር የምንቆመው እኛ ነን። ብናገር ኩርፊያ ነው ይሉኛል» አለኝ።

ልጁ እውነቱን ነው፤ እሱ ቢናገር ኩርፊያ ይባላል። እኔ ግን ነገ ከሐውልቱ ሥር የሚቆም ልጅ የለኝም፤ ያለኝን ወስዳችሁታል። የሚቆሙት የሌላ እናት ልጆች ናቸው። ስለዚህ በራሳችሁ ሕግ ይህ የእኔ ቁጣ ነውና መዝገብ ቤቱ በዚሁ ስም እንዲመዘግብልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እትዬ ደግሞ ሕጉን ስነግራት «ይህን ያልኩት መቼ ነው?» ብላኛለች። ይህም አብሮ ይመዝገብልኝ።

፰. በዚህ ምክንያት ጉዳዩ ተለውጧል። ወረቀቱን ቀድጄ እንደገና መጀመር ነበረብኝ፤ ነገር ግን አንዴ የተቆረጠ ጨርቅ መጣል ስለማልወድ ከላይ ያለውን እንዳለ ትቼዋለሁ። አምላካችሁን እንድትረከቡኝ አልጠይቅም። ክፍሉ የእሷ ነው፤ መርፌም ቢሆን ሌላ እገዛለሁ። የምጠይቀው፣ ሐውልቱ ነገ በዚያ ገመድ ከመቆሚያው እንዳይወርድ ነው። እንዲሁም በደብዳቤዬ ላይ «ጠርታዋለች» የሚለው ቃል ተሰርዞ በምትኩ «ገመዱ አልቆ ነበር» ተብሎ በእርስዎ እጅ ይጻፍልኝ።

ይህን አቤቱታ በፖስታ አልላክሁትም። እትዬ ሹራቧን ለብሳ፣ «እኔ አደርሰዋለሁ» ብላ በሩ ላይ እየጠበቀችኝ ነው። የወረቀቱ ዳር ዳር ጠቁሮ ቢደርስዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የምትይዘው በእጇ ነው። ዘበኛውን አደራ ይበሉልኝ፤ ድሃ ነው፣ ቀጠሮ አይጠይቃት። ግንባሯ አሁንም አልተቋጠረም፤ የመንገዱ ኩሬ ግን ገና ሳትረግጠው መጨስ ጀምሯል።

ልጄን አልጠራችውም። እርስዎን ግን ልትጠራዎ መምጣቷ ነው፤ በማዕረግዎም አይደለም፣ እናትዎ ባወጡልዎ ስም ነው። እኔ እዚህ መስኮቴ ላይ ሆኜ አዳምጣለሁ። ልጄ ሲጠሩት ምን እንደሚባል ያውቅ ነበር። እርስዎም አቤት ይበሉ።

ከሰላምታ ጋር፣ ዘንድሮ ደግሞ ከቁጣ ጋር

(ፊርማ)
ልብስ ሰፊዋ፣ የሳቂታው እናት

ግልባጭ፦
ነገ ልጆቻቸው ከሐውልቱ ሥር ለሚቆሙ እናቶች በሙሉ