ሲሚንቶ የለበሰው ቋሚ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ሴንትራል ፓርክ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ታክሲዬን ፓርክ አድርጌ ተሳፋሪ ስጠብቅ ልጄ ሳባ ከእንግሊዝ በቪዲዮ ደወለች። የተከራየችበትን የገጠር ቤት አሳየችኝ። የእንጨት ቋሚ፣ ማገር፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ፤ አገር ቤት እያለሁ ስሠራው የኖርኩት ዓይነት ነው። ደስ ብሎኝ ሳላበቃ፣ አከራይዋ ግድግዳውን ከውጭ በሲሚንቶ እንዳስለሰነው አየሁ። ሲሚንቶ እርጥበት አያስወጣም፤ እንጨቱ ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል።

“እስቲ ቋሚውን ከታች በቁልፍ ውጊው” አልኳት።

“አባዬ ደግሞ! አራት መቶ ዓመት የቆመ ቤት እኮ ነው።”

“ግዴለም፣ ውጊው።”

ቁልፉ እስከ መያዣው ድረስ ገባ። እሷ ሳቀች፤ እኔ ግን ቋሚው መበስበሱ ገባኝ። አልጋዋ እዚያው ቋሚው ስር ነው። ዛሬ ሌላ ቦታ እንድታድር ለመንኳት።

“በዚህ ዝናብ የት እሄዳለሁ?” አለችኝ።