ለውሻዬ ዋስ ፍለጋ

ጥር 4
ቀኑን ሙሉ አንድ የታችኛው መንጋጋ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስሠራ ዋልኩ። የጡረተኛ መምህርት ነው። ጥርሶቹን በሰም ደርድሬ ጄሶው ላይ ሳያቸው ሊቆጡኝ የተዘጋጁ መሰሉኝ። ጥርስ ብቻውን ሲሆን ሁሌም ተቆጪ ነው... ከንፈር ነው የሚያለዝበው።

ቤት ስደርስ ጋሽ አቤቱታ ደረጃው ላይ ቆመዋል። ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ እሳቸው አያውቁም። ከእኔ ሥር ባለው ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ።
«ውሻሽ ዛሬም ጮኸብኝ።»
«ጋሼ፣ ውሻ ነው እኮ። ምን ያድርግ?»
«እኔስ ሰው አይደለሁ? ጮኼበት አውቃለሁ?»
አፋቸው ውስጥ ያለው ጥርስ እኔ የሠራሁት ነው። ሌላው በሰው አፍ ይታማል፤ እኔ በገዛ እጄ ሥራ።

ጥር 6
አለቃዬ ዛሬ ቁርጡን ነገሩን። ዓይናቸው ደክሟል። «ክራንቻና መንጋጋ መለየት እያቃተኝ ምን እሠራለሁ?» አሉ። በየካቲት መጨረሻ የጥርስ መሥሪያውን ይዘጋሉ።
ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «አንቺ መጋቢት ላይ ሥራ ትጀምሪያለሽ» አሉኝ። ድሮ ያስተማሩት ልጅ ሩቅ ከተማ ውስጥ የጥርስ መሥሪያ ከፍቷል። ለእሱ ደውለው ጨርሰዋል። እኔ ሳልጠይቃቸው... ከተማውን በካርታ እንጂ በእግሬ አላውቀውም። ዘመድ የለኝም፤ የማውቀው ሰው የለኝም።
ደንግጬ ማመስገን ረሳሁ። ነገ አመሰግናለሁ።

ጥር 11
አዲሱ መሥሪያ ቤት የሰጠኝ ደላላ ጋ ደወልኩ። ፈጣን ሰው ነው። እየተናገረ የሚያላምጥ ይመስለኛል።
«ስንት ናችሁ?»
«እኔና ሻምበል።»
«ባለቤትሽ ወታደር ናቸው?»
«ውሻዬ ነው።»
ማላመጡ ቆመ። ከዚያ በሐዘን፣ «እህቴ፣ ወታደር ቢሆኑ ይሻል ነበር» አለኝ።

ጥር 15
ሦስት ቤት በፎቶ ላከልኝ። ሦስቱም ውስጥ አንድ ሶፋ አለ። አረንጓዴ፣ ክንዱ የተላጠ። ቤቶቹ ይለያያሉ፤ ሶፋው አንድ ነው።
«ይሄ ሶፋ የማን ነው?» አልኩት።
«ቤቱን ሞቅ እንዲያደርገው ነው» አለ። ከቤት ቤት ተሸክሞት ይዞራል ማለት ነው? አከበርኩት።
ለማንኛውም አንዱም አልሆነም። ደሞዜ የሚችለው ቤት ውሻ አይችልም፤ ውሻ የሚችለውን ቤት ደሞዜ አይችለውም።

ጥር 18
ዛሬ በቪዲዮ አንድ ቤት አሳየኝ። ጣሪያውን በሚገባ አየሁት። የደላላውን አውራ ጣትም አየሁ። ስለ ቀረው ቤት አስተያየት የለኝም።

ጥር 19
«ድመት ነው እንበላቸው» አለ ደላላው። ሻምበልን አየሁት። ጠረጴዛው ሥር መግባት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። እሱም አየኝ። ተስማማን፤ አይሆንም።

ጥር 22
እህቴ ደወለች።
«እስካሁን ቤት የለም? ውሻውን ለሰው ስጪውና ተገላገዪ እንጂ!»
«ለማን?»
«ውሻ ለሚወድ ሰው።»
«አንቺ ውሰጂዋ።»
«እኔማ... ምንጣፉ አለ፣ ልጆቹ አሉ...»
ይኸው ነው። ውሻ የሚወድ ሰው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው።

እሷስ ምን ታድርግ? ልክ ናት። ሻምበል አርጅቷል፤ ግራ ጆሮው አይሰማም። ሽማግሌ ውሻ ማን ይወስዳል? ያገኘሁት ቡችላ ሳለ፣ የሥራ ቦታችን ጓሮ ውስጥ ነው። የአንድ ደንበኛ የጄሶ መንጋጋ ይዞ ያላምጥ ነበር። ሰውየው ልኩን እንደገና ሰጥቶ ሄደ። ቡችላው ቀረ።

ቤት ካልተገኘ አልሄድም። ወሰንኩ። እዚህ ደግሞ ሥራ የለም... ለእህቴ አልነገርኳትም። እዚህ ብቻ ጻፍኩት። ወረቀት አይቆጣም።

ጥር 26
ደላላው ደወለ፤ ዛሬ አያላምጥም።
«አንድ ቤት አለ። ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል፣ ከታች ትንሽ ግቢ። ዋጋው አንቺን አይጎዳም። ውሻ አይከለክሉም።»
«እና ምን ቀረው?»
«ሴትዮዋ... ይጠይቃሉ።»
«ምን ይጠይቃሉ?»
«ራሳቸው ይንገሩሽ፤ እኔ ደከመኝ።»

ደወልኩላቸው። አከራይዋ ምድር ቤቱ ውስጥ ይኖራሉ። ድምፃቸው የትምህርት ቤት ደወል ነው።
«ውሻሽ እንዴት ነው?» አሉ።
«እትዬ፣ ጨዋ ነው።»
«ያለፈው ተከራይም እንደዚህ ነበር ያለኝ። ‹ውሻዬ በግ ነው› አለ። ወዳጆቹም ደውለው መሰከሩለት። በጉ የጓዳ በር በላ።»
ምን ይባላል? «ይቅርታ» አልኩ፤ ስለማላውቀው ውሻ።
«ስለዚህ የወዳጅ ምስክር አልሰማም። ወዳጅ ያሞግሳል። እንደው እዚያ ሰፈራችሁ ይሄን ውሻ የሚጠላው ሰው የለም?»
«አለ!» አልኩ። ለጥያቄ እንዲህ ፈጥኜ መልሼ አላውቅም።
«በይ እሱን አገናኚኝ።»

ጥር 27
ደረጃውን ወርጄ ወጣሁ። እንደገና ወረድኩ። አንኳኳሁ።
ጋሽ አቤቱታ በሩን ከፍተው ፊቴን አዩ።
«ዛሬ ገና አልጮኸም» አሉ፤ የከሰስኳቸው ይመስል።
ነገሩን አስረዳኋቸው። ሁለት ጊዜ ማስረዳት ነበረብኝ።
«እኔ? ለእሱ? ዋስ?»
«ምስክር ብቻ፣ ጋሼ።»
«እውነቱን ነው የምናገረው።»
«የሚፈልጉትም እሱን ነው።»
«አላለሳልስም!»
«አውቃለሁ።»
አገጫቸውን ያዝ አድርገው አሰቡ። «ይሄ የታችኛው ጥርስ ድዴን ይቆረቁረኛል። ሞረድ ብታደርጊልኝ...»
እጄ ሊዘረጋ ምንም አልቀረውም። በሞረድ የሚያልቅ ሥራ ነው። ግን ዛሬ ብሠራላቸው ምን ይባላል? ጉቦ።
«ከምስክርነቱ በኋላ» አልኳቸው።
ለመጀመሪያ ጊዜ በአክብሮት አዩኝ።

ጥር 28
ከምሳ በኋላ እሳቸው ቤት። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው ጠበቁኝ። ለስልክ! ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሻምበል ከላይ፣ እኔ ከታች፤ ሁለታችንም ፍርድ እንጠብቃለን።

እና ዘረገፉት። «ደጃፌ ላይ ያለው ምንጣፍ ላይ ይተኛል። ደረጃው ላይ መንገድ አይለቅም። እርጥብ ሆኖ ገብቶ አጠገቤ ይራገፋል።» እኔ ወንበሩ ውስጥ ሰመጥኩ። ሁሉም እውነት ነው።
«ነክሶዎት ያውቃል?» አሉ አከራይዋ።
«የለም።»
«በር በልቷል?»
«በር? የለም፣ በር አልበላም።»
«የሚጮኸውስ መቼ ነው?»
«ስገባ! ስወጣ! ደረጃው ላይ ጉሮሮዬን ስጠርግ እንኳ!»
«በሰው ሁሉ ላይ?»
ጋሽ አቤቱታ የሸሚዛቸውን ኮሌታ አስተካከሉ።
«ጌታዬ፣ በሰው ሁሉ ላይ ነው የሚጮኸው?»
«በእኔ ብቻ ነው» አሉ ጋሽ አቤቱታ፤ ድምፃቸው ወረደ።
«ለምን?»
«እኔ እንጃ። ልጠይቀው እንዴ?»
ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «አንድ ጊዜ ገባሁ፤ አልጮኸም። ወጣሁ፤ አልጮኸም። ደስ ሊለኝ ሲገባ... ሄጄ አንኳኳሁ። ታሞ ነበር» አሉ።

ትዝ አለኝ። ያኔ በሬን አንኳኩተው «ዛሬ ምነው ዝም አለ?» ብለውኝ ነበር። ሽሙጥ መስሎኝ በሩን ፊታቸው ላይ ልዘጋው ምንም አልቀረኝም። ግን ሄድኩና ሳየው ሻምበል ራሱን ማንሳት አቅቶት ነበር። የእንስሳት ሐኪሟ «በጊዜ አመጣሽው» አለችኝ። ምስጋናውን ራሴ ወሰድኩት... ስንት ዓመት ሙሉ።

«በቃኝ» አሉ አከራይዋ። «እንዲህ ያለ ጠላት ለእኔም በሰጠኝ። ልጅቷ ውሻዋን ይዛ ትምጣ። ግን ዋሱ እርስዎ ነዎት፤ አንድ ነገር ካበላሸ ለእርስዎ ነው የምደውለው።»
«ዋስ አልሆንም!» አሉ።
«ሆነዋል» አሉና ዘጉት።

ጥርሳቸውን ይዤ ወጣሁ። ማታውኑ ሞርጄ፣ አለስልሼ መለስኩላቸው። ዳቦ ነክሰው ቀስ ብለው አላመጡ።
«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ያኔም ማለት ነበረብኝ።»
«የቱ ያኔ?»
«ያኔ ያንኳኩ ጊዜ።»
«እህ...» አሉ። «በስተቀኝ ገና ትንሽ ይነካኛል።»
አይነካቸውም። የሠራሁትን አውቃለሁ።

የካቲት 27
አለቃዬን ዛሬ አመሰገንኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ! «‹ነገ አመሰግናለሁ› ብዬ ነበር» ስላቸው፣ «የምን ነገ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። ትልቁን ሞረዳቸውን ሰጡኝ። እጀታው ላይ የአውራ ጣታቸው ቦታ ተቦርቡሯል።

የካቲት 29
ዕቃ ተጫነ። ሻምበል በእኔና በሹፌሩ መሃል ተቀምጧል፤ መንገዱን የሚመራው እሱ ነው። ጋሽ አቤቱታ ደረጃው ላይ ቆሙ። ጮኸባቸው። «እሺ፣ ሰማሁህ» አሉት። ዕቃ ለማንሳት የረዱኝ ሳይመስሉ ሁለት ሣጥን አወረዱ።

መጋቢት 3
ቤቱ ከጣሪያ በተጨማሪ ግድግዳና መስኮት አለው። መስኮቱ ወደ ግቢው ያያል። ሶፋውንም አገኘሁት፤ ደላላው ቢሮ ውስጥ ነው። ተቀመጥኩበት። ይመቻል።
አከራይዋ የጓዳውን በር አሳዩኝ፤ የተበላውን። እንዲቀር ያደረጉት ለመቀጣጫ ነው። ሻምበል አሽትቶ አለፈው። «እናያለን» አሉ።

መጋቢት 9
ሥራው ጥሩ ነው። አዲሱ አለቃዬ ሰም ሲያቀልጥ ልክ እንደ አሮጌው አለቃዬ ያፏጫል። ከማን ተማረው ብዬ አልጠየቅኩም።
ሻምበል ግን አይጮኽም። ስንገባ ዝም፣ ስንወጣ ዝም። ግማሹን ምግብ ይተወዋል። ወደ ደረጃው ዞሮ ይተኛል። አከራይዋ ሳይቀሩ ከፋቸው፤ «ድዳ ነው እንዴ? ተታለልኩ?» አሉ።
ምን ሆነብኝ? ይኼን ሁሉ መንገድ ያመጣሁት ላከሳው ነው?

መጋቢት 12
ከሥራ መልስ ስልክ ጮኸ። ጋሽ አቤቱታ። ቁጥሬን መቼም አልጠየቁኝም፤ ለካ ከአሮጌው አለቃዬ ወስደውታል።
«እዚህ የመጡት አዲሶቹ ሰዎች...» ብለው ጀመሩ።
«ይጮኻሉ?»
«አይጮኹም! ድምፅ የላቸውም! በጫማ ጫፍ ነው የሚሄዱት። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?» ከዚያ፣ «ያ... እሱስ?»
እውነቱን ነገርኳቸው። ግማሹን እንደሚተው፣ እንደማይጮኽ።
«ስልኩን አስጠጊው» አሉ።
ተንበርክኬ በሚሰማው ጆሮው በኩል ያዝኩለት። ጋሽ አቤቱታ ጉሮሯቸውን ብቻ ጠረጉ፤ ዓመታት ሙሉ ደረጃውን ሲወጡ እንደሚጠርጉት።

ሻምበል ተነሣ። ስልኩን አየ፣ በሩን አየ። ከዚያ ጮኸ! መስኮቱ እስኪነዝር። ጅራቱ ወንበሩን እየመታ፣ ጮኸ ጮኸና ደከመው። ይኼ ጅራት ያኔም እንደዚህ ይወዛወዝ ነበር? እኔ ሁልጊዜ አፉን ነበር የማየው።

አከራይዋ ደረጃውን እያለከለኩ ወጡ። «ምንድን ነው? ምን መጣ?»
«ዋሳችን ደውለው ነው፣ እትዬ።»
ስልኩ ውስጥ ጋሽ አቤቱታ በደስታ ይጮኻሉ፤ «ይሰማዎታል እትዬ? ይኸው! ይኼን ነው ያልኩዎት! አሁን ማን አጋነነ?»
አከራይዋ ስልኩን ከእጄ ተቀብለው ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። ምን እንደተባባሉ ሁሉን አልሰማሁም፤ ሻምበል ሳህኑን እየገፋ ወለሉ ላይ ይዞር ነበር። ባዶ ነው። ሁሉንም በልቶታል።
ደገምኩለት።