ውሻውን አታሳርፉት

ሰኞ

ደሙ ብዙ አይደለም። ያስፈራኝም ደሙ አይደለም። የልጄ የሀያት ባት ላይ የጥርስ ቀዳዳዎች አሉ፤ ሁለቱ ጠለቅ ያሉ ናቸው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከብት ውሃ የሚጠጣበት ገንዳ አጠገብ ነው የነከሳት። ቀላ ያለ፣ አንድ ጆሮው የተቆረጠ ውሻ ነው፤ አንገቱ ላይ የተበጠሰ ገመድ ነበረው አሉ። ነክሷት ወደ ጨፋ ሜዳ ሮጠ። የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

እግሯን በሳሙናና በውሃ አጠብኩት። ደጋግሜ አጠብኩት። እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ አጥባለሁ። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ እንደማይድን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። 

ጤና ጣቢያ ሲስተር ሉባባ የመጀመሪያውን መርፌ ወጋቻት። የቀራቸው እሱ ብቻ ነበር። ቀጣዩን መርፌ ሐሙስ መወጋት አለባት። የሚመጣው ከደሴ ነው፤ የደሴ መንገድ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ተዘግቷል። ለምን እንደተዘጋ ሁሉም የየራሱን ያወራል። መቼ እንደሚከፈት የሚያወራ ግን የለም።

ስትሸኘኝ ውሻው እንዳይገደል አደራ አለችኝ። ታስሮ አስር ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ ሲነክሳት በሽታው አልነበረበትም ማለት ነው። ከጠፋ ግን ማወቂያ የለንም።

"አብሽሪ" አለችኝ በመጨረሻ። ዓይኔን ሳታይ ነው ያለችኝ።

ማክሰኞ

ውሻው ታይቷል። ከከተማው በታች፣ ቦርከና ወንዝ ዳር። የሰፈር ጎረምሶች ሊገድሉት በድንጋይ አሳደዱት፣ አመለጣቸው። ጎረቤታችን አብዱ በሞተር ተከተለው። ሞተሩ የመስኖ ቦይ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ውሻው ቆም ብሎ አየውና ወደ ጨፋ ሮቢት አቅጣጫ ወረደ አለ። አብዱ ሲያወራው ይስቃል። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ባለቤቴ ሰይድ ከሰንበቴ ገበያ አመሻሹ ላይ ገባ። ከብት ነጋዴ ነው፤ ገበያ የገዛውን እየነዳ ረጅም መንገድ በእግሩ መሄድ ልማዱ ነው። የሀያትን እግር አየ። ፋሻውን በጣቱ ነካ አድርጎ ወጣ። ግቢ ውስጥ ቆሞ አገኘሁት።

ያኔ ነው ውሻው በሕይወት እንዴት እንደሚያዝ የነገርኩት። ነገ ለአስራ አንደኛ ክፍል የማስተምረው ነው፤ አፌ ላይ ነበር። ሰው በአጭር ርቀት ከውሻ ጋር አይወዳደርም። ፀሐይ ላይ ግን ሌላ ነው። ውሻ እንደኛ ገላውን ሁሉ አያልበውም፤ የሚቀዘቅዘው በምላሱ ነው፣ እያለከለከ። ሽምጥ ሲሮጥ ሙቀቱ እያየለበት ይሄዳል፤ የግድ ጥላ ፈልጎ መቆም አለበት። ሰው ግን ጸጉር የለውም፣ ቆዳው በሙሉ ያልበዋል፤ እየሮጠ ይቀዘቅዛል። የጥንት ሰዎች ሚዳቋን እንዲህ ያደክሟት ነበር የሚሉ ሳይንቲስቶች አሉ። አይቀድሟትም። አያሳርፏትም እንጂ።

"አታሯሩጡት" አልኩት። "ተከተሉት። ጥላ ሥር በተኛ ቁጥር አስነሱት። እናንተ ውሃ ትይዛላችሁ፣ እሱ አይዝም።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"መጽሐፉ እንደዚያ ይላል።"

"መጽሐፉን አልጠየቅኩም" አለኝ።

አዎ አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?  መጽሐፉ ስለ አዳኞች ነው የሚያወራው። ሰይድ አርባ ዓመት አልፎታል። አዳኝም አይደለም።

ረቡዕ

ከሱብሂ ሰላት በኋላ ሄዱ፣ እሱና አብዱ። ጆንያ፣ ገመድ፣ ዱላ፣ ወፍራም ጃኬት፣ ውሃ በጀሪካን። ጨውና ስኳር በጥብጬ በሁለት ፕላስቲክ ሞላሁላቸው። ውሻው ወደ እናንተ ከዞረ ተዉት፣ ዛፍ ላይ ውጡ አልኩ። አብዱ በዚያ ሜዳ ላይ የሚወጣበትን ዛፍ አንቺ ይዘሽልን ነይ አለኝ።

አስተማርኩ። እንዴት እንዳስተማርኩ አላውቅም። ከተረከዝ በላይ ያለው ረጅም ጅማት እንደ ላስቲክ ተለጥጦ እንደሚመልስ፣ የመቀመጫ ጡንቻ ስንሮጥ ወደ ፊት እንዳንደፋ እንደሚይዘን፣ ማጅራታችን ላይ ያለው ጅማት ጭንቅላታችን እንዳይወዛወዝ እንደሚያደርግ። አንዱ ተማሪ አላህ ፈጥሮን የለም ወይ አለ። ዛሬ የምንማረው የተሰጠን ገላ እንዴት እንደሚሠራና ሳይንቲስቶች ስለ አመጣጡ ምን እንደሚሉ ነው አልኩት፤ ተቀበለኝ። ከኋላ የምትቀመጠው ነኢማ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ለማሳደድ ነው እንደዚህ የሆንነው ወይስ ለማምለጥ?"

 እዚህ ያሉ ልጆች ሮጦ ማምለጥ ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ አይደለም የሚያውቁት። ለሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ ምሁራኑም ገና ይከራከራሉ አልኳት።  

ከሰዓት ሙቀቱ ግቢው ውስጥ እንኳ አያስቆምም። ስልክ ደወልኩ፤ አይሠራም። ኔትወርክ ከጠዋት ጀምሮ የለም። አመሻሹ ላይ አንድ የጨፋ ሮቢት ገበሬ መልእክት አመጣ፤ ውሻውን ሳያገኙት ቀኑ ስላለቀባቸው እሱ ዘንድ ሊያድሩ ነው። በኦሮምኛ ገለቶሚ ብዬ አመስግኜ ሸኘሁት። ቢያንስ በሕይወት አሉ።

ሐሙስ

ዛሬ ሁለተኛው መርፌ ነበር። ጤና ጣቢያ ሄድን፣ ተመለስን። አልመጣም።

የሰይድ አክስት እትዬ ዘሀራ በጨርቅ የተቋጠረ የሥር ዱቄት ይዛ መጣች። ለእብድ ውሻ ነው፣ በወተት ትጠጣው አለች። ሰው ያስመልሳል፣ ያዝላል፣ ግን ያድናል አለች። ምን እንደሆነ ሳላውቅ ለልጄ አልሰጥም አልኳት። አልተቆጣችም። እንግዲህ አንቺ የተማርሽ ነሽ ብላ ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ትታው ሄደች። እውነቱን ልጻፍ፤ አልጣልኩትም። ቁምሳጥን ላይ አስቀመጥኩት።

እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ አብዱ በጋሪ ተጭኖ መጣ። ብቻውን። ከንፈሩ ነጥቷል፣ ቆዳው ደረቅና ትኩስ ነው፣ ነገር ይቀላቅላል። ከጥላ ሥር አስተኝተን ውሃ አፈሰስንበት፣ ልብሱን አወለቅንለት፣ አራገብንለት። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። መንገድ ላይ ትንሽ ነቃ ሲል ጠየቅሁት። ውሻውን ጠዋት አግኝተውታል። እየተከተሉት ሳለ አብዱ ራሱ ወደቀ። ሰይድ ጋሪ ላይ አስጫነውና ቀጠለ።

"ውሃውስ?" አልኩት።

"ለእኔ ሰጠኝ።"

ላብ ውሃ ነው። ለነኢማና ለጓደኞቿ ያልነገርኳቸው ይህንን ነው። የምንሮጠው ውሃችንን እያፈሰስን ነው፤ ያልጠጣ ሰው ከውሻው በፊት ይወድቃል። ሰይድ ይህን አያውቅም። ወይም ያውቃል።

ማታ ሀያት ውሃ አልጠጣም አለች። ብርጭቆውን ገፋችው። ውሃ መፍራት የበሽታው ምልክት ነው። ምልክቱ በሦስት ቀን እንደማይመጣ አውቃለሁ፤ ሳምንታት ይፈጃል። አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ግን ብርጭቆውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። አባቴ ካልመጣ አልበላም አልጠጣም አለች። ማኩረፏ ነው። እቅፍ አድርጌ ለመንኳት፣ ጠጣች። ጉሮሮዋ ሲውጥ አየሁ።

ዓርብ

መጣ። አልሐምዱሊላህ። ከጁምዓ ሰላት በኋላ፣ ሣር በጫነ የአህያ ጋሪ ላይ ተቀምጦ። ከኋላው ጆንያ ውስጥ ውሻው። አፉ በገመድ ታስሯል፣ ዓይኑ ክፍት ነው።

ሰይድን አላወቅሁትም። ፊቱ ጠቁሯል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ጫማው የለም፤ እግሩን በሻሽ ጠቅልሏል። ሀያት አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እሱ እሷን አላየም፣ እግሯን ነው ያየው።

ያወራልኝ ቀስ በቀስ ነው። አብዱ ከሄደ በኋላ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ነበር። ውሻው ይሮጣል፣ ይርቃል፣ ግራር ሥር ይተኛል። እሱ እየሮጠና እየተራመደ ይደርሳል። ውሻው ይነሳል። መጀመሪያ ሩቅ ይሄድ ነበር። ኋላ ወደሚቀጥለው ግራር ብቻ። ኋላ መነሳት ሲያስጠላው ጥርሱን ያሳየዋል፤ ሰይድ ራቅ ብሎ ቆሞ በድንጋይ መሬቱን ይመታለታል። አንድ የመስኖ ቦይ አግኝቶ ጭቃ ውሃውን በሻሹ አጥልሎ ጠጣ፤ ሻሹን አርጥቦ ራሱ ላይ አደረገ። በመጨረሻ ውሻው ምላሱ መሬት ነክቶ ተኛና ቀና ማለት አቃተው። ሰይድ ጃኬቱን ክንዱ ላይ ጠቅልሎ፣ ከብቶቹን እንደሚያባብልበት በኦሮምኛ "ታኢ፣ ታኢ" እያለ፣ ተቀመጥ እያለ፣ ጆንያውን ጣለበት። አልታገለም። አንድ ገበሬ ቤት ወስዶት አደረ። እዚያ ውሻው ውሃ ጠጣ። ብዙ ጠጣ አለ፣ እያየኝ። ምን ማለት እንደሆነ እንድነግረው ፈልጎ ነው። ደግ ምልክት ነው፣ ግን ማረጋገጫ አይደለም አልኩት።

"እንዳልሽው ነው" አለኝ። እግሩ ላይ ያለውን ሻሽ እየፈታ፣ "ግን እሱ ባይቆም ኖሮ እኔ ቆሜ ነበር" አለ።

ተነስቼ ጓዳ ገባሁ። የእትዬ ዘሀራን ዱቄት ሽንት ቤት ደፋሁት። ከዚያ አለቀስኩ።

ቅዳሜ

መንገዱ ተከፈተ። አምቡላንሱ ከደሴ መድኃኒቱን ይዞ ገባ። የሐሙሱን መርፌ ዛሬ ተወጋች። ሲስተር ሉባባ ዘግይቷል ግን አላመለጠንም፣ የቀሩትን ሳናዛንፍ እንቀጥላለን አለች። ዛሬ ዓይኔን እያየች ነው ያወራችው። አብዱም ከጤና ጣቢያ ወጥቷል።

ውሻው የእንስሳት ሐኪሙ ግቢ በሽቦ ክፍል ውስጥ ነው። በላ፣ ጠጣ። ሐኪሙ ዛሬ ምንም አላየሁበትም፣ ነገም አያለሁ አለ። ከነገ በላይ አይናገርም። ወደድኩት።

ከሰዓት በኋላ አንድ የአፋር ሽማግሌ በራችን ላይ ቆመው አገኘናቸው። ኡመር ይባላሉ። ከብቶቻቸውን ለግጦሽ ጨፋ አምጥተው ነበር፤ ከብቱን ይዘው ወደ ቆላ ሲመለሱ ውሻው ገመዱን በጥሶ ጠፋባቸው። ሰው ውሻን እየተከተለ አለፈ ሲባል ሰምተው፣ እየጠየቁ በእግራቸው መጡ። ከሰይድ ጋር በኦሮምኛ አወሩ። ውሻው የሚሮጠው ከብቶቹ ወደሄዱበት እንደነበር፣ ከዚህ በፊት ሰው ነክሶ እንደማያውቅ ነገሩት። እሳቸው እንዲህ ይላሉ። እኔ ማመን እፈልጋለሁ፤ ለዚህ ነው ማመን የምፈራው።

ሀያትን አስጠሯት። እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው ዱዓ አደረጉላት። አስሩ ቀን እስኪሞላ ከውሻው አጠገብ እቀመጣለሁ፣ የሚሆነውን አብሬያችሁ አያለሁ አሉ። ሰይድ እኛ ቤት ይደሩ አላቸው፤ እሺ አሉ፣ ግን መጀመሪያ ወደ ሐኪሙ ግቢ ሄዱ።

አመሻሹ ላይ ለእራት ልጠራቸው ሄድኩ። ሽቦው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ውሻው ጀርባውን ሽቦው ላይ አስደግፎ ተኝቷል፤ ሽማግሌው በሽቦው መሃል ሁለት ጣታቸውን አስገብተው ያሹታል። እጃቸውን እንዲያወጡ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ውሻው በእንቅልፍ ልቡ ረጅም ተነፈሰ።

ከጎናቸው ተቀመጥኩ።