ጉልበቴን ያመኛል

ሰኞ፣ ሐምሌ 20

ሥራ ጀመርኩ። ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ከአራት ወር። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ "ሥራ ላይ ነኝ" ብዬ ስልክ ዘጋሁ። የደወለችው አክስቴ ናት፤ ትቀየማለች። ትቀየም።

አንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ለክረምት አሥራ ሁለት ተማሪዎች ልኳል። ስድስት ሳምንት ሸዋ ሮቢት ተቀምጠው ስለ ዚያራ ያጠናሉ... ሰው ለምን ወደ ሸህ ሙዘይን መቃብር፣ ወደ ቁባው ይሄዳል፣ ምን ተስሎ፣ ምን ለምኖ። እኔ አስተርጓሚ ነኝ። የተመደብኩላት ልጅ ኢንግሪድ ትባላለች። ሙቀቱ ፊቷን ቲማቲም አስመስሎታል፤ ግን አታማርርም።

አስተባባሪያችን ቲቸር መቅደስ ደንቡን ነገሩን። "ሳትጨምሩ፣ ሳትቀንሱ። የምትጠየቀዋ ሴት 'እኔ' ካለች እናንተም 'እኔ' በሉ። ዘመድ አይጠየቅም። ከዚህ የወጣ ያን ቀን ይሰናበታል።" ግልጽ ነው።

እራት ላይ እማ ጠየቀችኝ።

"ምን ብለው ነው የሚጠይቁት?"

"ለምን ዚያራ ትመጣላችሁ ብለው።"

"ይኼማ ለሰው ይነገራል እንዴ? ሐጃ እኮ የልብ ልመና ነው! ቁባው ጋ ሳይደርሱ ከአፍ ከወጣ ይበተናል።"

የውሃውን ጀሪካን በግራ እጇ አነሳች። እማ ግራኝ አይደለችም... ደክሟት ይሆናል።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 23

ዛሬ አምስት ሴት ሆኜ ዋልኩ። ባሌ ሁለተኛ አገባብኝ። ልጄ ጅዳ ገብቶ ድምፁ ጠፋ። ላሜ ነጠፈች። በ"እኔ" ነዋ! ላም ኖሮኝ አያውቅም፤ ባልም። ኢንግሪድ መሐል ላይ አይን አይኔን አይታ "ደህና ነሽ?" አለችኝ። ደህና ነኝ አልኩ። ቤት ስገባ ግን የሰው ጭንቅ አፌ ውስጥ ቀርቶ እራቱ አልጣመኝም።

እማ ዛሬም በግራ እጇ።

እሑድ፣ ሐምሌ 26

"እጅሽን ምን ሆነሽ ነው?" አልኳት። "የሽንኩርት ጆንያ ነው፤ ያልፋል።"

አባዬ ከሞተ ጀምሮ ገበያ ውስጥ ሽንኩርትና ማሾ ትሸጣለች። ጆንያውን ግን ወዛደሮች ናቸው የሚሸከሙት። እሷ መቼ አንስታ ታውቃለች? አልጨቀጨቅኳትም። ለምን አልጨቀጨቅኳትም?

ሐሙስ፣ ሐምሌ 30

በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ አለበለዚያ እኔም አላምነው።

ቁባው ግቢ ውስጥ፣ ሾላው ሥር ምንጣፍ ላይ ነበርን። ሦስተኛዋ ሴት ስትጠራ እማ መጣች። እናቴ! ጠዋት ገበያ እሄዳለሁ ብላኝ የተለየኋት። ፊት ለፊቴ ቁጭ አለች። የፈቃዱ ወረቀት ላይ አውራ ጣቷን አተመች። "ራቢዓ እባላለሁ። ገበያ ሽንኩርት ሻጭ ነኝ።" ያኔ "እናቴ ናት፣ አይቻልም" ማለት ነበረብኝ። ቀና ብላ ስታየኝ መቅጃውን አስጠጋሁላት።

ኢንግሪድ "ዛሬ ምን ይዘው መጡ?" አለች። ተረጎምኩ። የገዛ እናቴን "አንቱ" ብዬ።

እማ የመለሰችው እኔን እያየች ነው። "ቀኝ ጡቴ ላይ እብጠት አለ። በሚያዝያ የማሾ ፍሬ ታክል ነበር። አሁን ሽንኩርት አክላለች። ክንዴን ማንሳት አቅቶኛል። ልጅ አለችኝ፤ ትደነግጥብኛለች ብዬ ቤት ውስጥ አልተነፈስኩም። ሐጃዬ ይቺው ናት።"

መቅጃው ቀይ መብራቱን አብርቶ ይጠብቃል። ኢንግሪድ ትጠብቃለች። እማ "ንገሪያት እንጂ" አለች።

"ጉልበቴን ያመኛል" አልኩ በእንግሊዝኛ። "ዳገት መውጣት አቅቶኛል።"

ከየት አመጣሁት? ኢንግሪድ ራሷን እየነቀነቀች ጻፈች። እማ ዱዓዋን አድርጋ፣ ሻርፗን አስተካክላ፣ ቀስ ብላ ሄደች።

ዓርብ፣ ነሐሴ 1

አላወራንም። የምለውን ትጠብቃለች። ምን ብዬ ልጀምር? ሻይ ቀዳችልኝ፤ ስኳሩን ረስታ ሁለት ጊዜ ጨመረችበት። ጠጣሁት።

እሑድ፣ ነሐሴ 3

ስልኬ ላይ ስለ እብጠት አነበብኩ። ማንበብ አልነበረብኝም።

ቲቸር መቅደስ ደግሞ መልእክት ላኩ። ኤርሚያስ የሚባል ሌላ አስተርጓሚ ከአምስት ቅጂ አንዱን እያዳመጠ ትርጉሙን ሊያመሳክር ነው። ከአምስት አንድ... ያ ረቢ፣ የእማ አይሁን! እንዲህ ብዬ ሳበቃ አፈርኩ። እናቴ ታማብኝ ዱዓ የማደርገው ለሥራዬ ነው? ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 5

ኢንግሪድ ደግ ናት። ደግነቷ ጉድ አደረገኝ።

ከፋርማሲ የጉልበት ቅባት ገዝታ "ለራቢዓ እንውሰድላት" አለችኝ። ገበያው ሩቅ ነው አልኳት። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ምን ሩቅ አለ? በባጃጅ ሦስት ደቂቃ።

እማ ሽንኩርቷን ዘርግታ ተቀምጣለች። ኢንግሪድ ተንበርክካ ቅባቱን ሰጠቻት። የገዛ ጉልበቷን እያሸች እንዲህ፣ እንዲህ ብላ አሳየቻት። እማ ቅባቱን አየች። ጉልበቷን አየች። ከዚያ እኔን። "አላህ ይስጥሽ፣ ልጄ" አለቻት፣ ፈገግ ብላ። እኔን ግን ፈገግ ብላ አይደለም ያየችኝ።

ቤት ስገባ ቅባቱ እንደታሸገ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

"ጡቴን አልኩ። ጉልበቴን ነው ያልሽላት?"

"እማ..."

"ለፈረንጇ የነገርኳት መስሎሻል? ሐጃዬ ቁባው ሳይደርስ ቤት ልነግርሽ አልሆንልሽ አለኝ። እዚያ ሆነሽ እንድትሰሚኝ ነው የመጣሁት።"

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም።

"አንቺ የተማርሽዋ፣ በሰው ቋንቋ እንኳ ልትይው ካልቻልሽ፣ እኔ ለሐኪም በምን አፌ ልበለው ኑርሃን?"

 

ረቡዕ፣ ነሐሴ 6

ለቲቸር መቅደስ ነገርኳቸው። ሁሉንም። እናቴ መሆኗን፣ ጡቱን፣ ጉልበቱን። "ኤርሚያስ ሳይደርስበት ራሴ መጣሁ" አልኩ ደግሞ፣ ጀብዱ ይመስል።

ፍልሰታን እየጾሙ ነው፣ ከንፈራቸው ደርቋል።

"ደንቡን ታውቂዋለሽ።"

"አውቃለሁ።"

"እንግዲህ ቃለ መጠይቅ አትገቢም።" ወረቀታቸውን ሰበሰቡ። ተሰናበትኩ ብዬ ስነሳ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው "ቤታችሁ በየት በኩል ነው?" አሉኝ።

እማ ቆማ ተቀበለቻቸው። ጾመኛ መሆናቸውን ስትሰማ በእጇ የያዘችውን ወተት መልሳ አስገባች። ቲቸር ነገሩን አስረዷት። "ቅጂው ይጥፋ ካሉ አሁኑኑ እናጠፋዋለን። መብትዎ ነው።"

"ለምን ይጠፋል? ያልኩትን ብያለሁ። ይጻፍ። በትክክል ይጻፍ።"

"እንግዲያው ኤርሚያስ ይተረጉመዋል።"

"ኤርሚያስን አላውቀውም። እሷ ትናገረው።" በአገጯ ወደኔ።

ቲቸር "አይቻልም" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። እማን ሲያዩ ተውት። "እሺ። ኤርሚያስ ግን ያመሳክረዋል" አሉ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 9

አልኩት። ኢንግሪድ ፊት፣ ቅጂው ተከፍቶ፣ እማ አጠገቤ ተቀምጣ። "ጡቴ" ላይ ስደርስ ሁለቴ ቆምኩ። በሦስተኛው ወጣ። ኢንግሪድ "ጉልበት" የሚለውን ሰርዛ፣ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ እማን አቀፈቻት። በግራ በኩል፣ ተጠንቅቃ። አስተርጓሚነቴ እዚያ ላይ አለቀ። እንደፈራሁት አልከፋኝም... ትንሽ ከፍቶኛል።

እቤት ስንገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ። "ሐኪም ቤቱ መውሊድ ይለፍና" አለች እማ። መውሊድ ገና አሥር ቀን!

"ሽንኩርቷስ? መውሊድ ይለፍ ብላ ትጠብቃለች?"

ከአፌ ሲወጣ ክው አልኩ። እማ ትክ ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ሳቀች። ሆዷን ይዛ ሳቀች። ስትጨርስ ዓይኗን ጠርጋ "ሐሙስ" አለች።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 14

ደብረ ብርሃን ደርሰን ተመለስን። ከእብጠቱ በመርፌ ናሙና ወስደዋል። ውጤቱ ነሐሴ 28። የዶክተሩን ፊት ላነብ ሞክሬ አልተነበበልኝም። አሥራ አራት ቀን... እንዴት ያልቃል?

ስንሄድ ጣርማ በር ዋሻው ጋ ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው። እማ "ሱብሃነላህ፣ በዚህ ብርድ ሰው ይኖራል?" ብላ ተጠግታኝ ተቀመጠች።

ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ምናልባት እኩያዬ። "ምንዎን ነው የሚያምዎት እናቴ?" አላት። እማ መሬት መሬት አየች። የሻርፗን ጫፍ ጠቀለለች፣ ፈታች። ደግሞ ጠየቃት። ላቧ በግንባሯ ወረደ፣ በዚያ ብርድ።

"ኑርሃን" አለች ቀና ሳትል። "ተርጉሚለት።"

ዶክተሩ ግራ ገባው። "በአማርኛ እኮ ነው የምናወራው።"

"አውቃለሁ ልጄ። እሷ ትበልልኝ።"

ወንበሬን አስጠጋሁ። ደንቡን አሰብኩ፤ ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ፣ በ"እኔ"።

"ቀኝ ጡቴ ላይ እብጠት አለ" አልኩት። "በሚያዝያ የማሾ ፍሬ ታክል ነበር። አሁን ሽንኩርት አክላለች። ክንዴን ማንሳት አቅቶኛል። ፈርቻለሁ።"

እማ ቀና አለች።

"ፈርቻለሁ አላልኩም።"

አላለችም። እኔ ነኝ የጨመርኩት። ዶክተሩ እስክሪብቶውን እንዳነሳ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ያያል። ይቅርታ ልጠይቅ ስል እማ በቀኝ እጇ፣ በዚያ በማትዘረጋው፣ እጄን ያዘችኝ።

"ይሁን" አለችው። "እሱንም ጻፈው።"