የስድስት ሳንቲሜትር ቅናት

ሐምሌ 14፣ ሰኞ፣ ከጧቱ 1፡30

በረዶው ከፕላስቲኩ አልላቀቅም አለ። ለብ ያለ ውሃ አስነካሁት፣ ስምንት ፍሬ ወደቀ። በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ በዘነዘና ደቆስኩት። አሥራ ሁለት ምት። ካነሰ የእማዬን ድድ ይጎረብጣል፣ ከበዛ ውሃ ይሆናል። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሰጠኋት። አፏ ውስጥ አቀለጠችው፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ "እህ" አለች። አለቀ። ስምንት ወር ሙሉ የማገኘው ይህችኑ "እህ" ነው።

ደብተሬ፣ አንተ ታውቃለህ። ዶ/ሩ ልቧ ደክሟል፣ በቀን ከአንድ ሊትር በላይ ፈሳሽ እንዳትወስድ ካለ ወዲህ ጥሟን የምናስታግሰው በበረዶ ነው። "የምናስታግሰው" አልኩ እንዴ? የማስታግሰው እኔ ነኝ። ታናሽ እህቴ ሰብለ ባ/ዳር ናት። ባል፣ ሱቅ፣ ሦስት ልጅ። እኔ ደ/ታቦር። የሒሳብ መምህርት፣ ባል የለ፣ ልጅ የለ፣ ዘነዘና አለ።

ት/ቤት ተዘግቷል። ክረምቱ እኔ፣ እማዬና ዝናቡ ነው። በዚህ ብርድ ሁለት ጋቢ ደርባ በረዶ የምትለምን ሴት በከተማው እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ከሰዓት 10፡00

ሰብለ ደወለች። እማዬ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። ሰብለ ጓደኛዋ ቤት የበረዶ ማሽን አይታለች። ማድቤት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፤ ውሃ ይሞላበታል፣ በረዶ ያወጣል። ለእማዬ ልትገዛ አስባለች። ልብ በል፣ ገና አስባለች። ምርቃቱ ግን ወዲያው ወረደ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። የነካሽው ይባረክ። ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። ጧሪ አያሳጣሽ።

አምስት። ቆጥሬያለሁ። "ጧሪ አያሳጣሽ" ስትል ጧሪዋ አጠገቧ ቆሜ ማንኪያ እያደረቅሁ ነበር።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

ሰብለ በቴሌግራም ሁለት ፎቶ ላከች። የእማዬን አፍ የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ ምረጪ፣ ዋጋው አያሳስብሽ ትላለች። ለጋስ ናት። ይህም ያናድደኛል።

ምርጫውን በቁም ነገር ያዝኩት። የመጀመሪያው፦ ጣት የሚያህል፣ ውስጡ ክፍት የሆነ በረዶ ይሠራል። ፈጣን፣ ቀላል፣ ድምፁ ትንሽ። በረዶው ግን ድንጋይ። ሁለተኛው፦ በረዶውን ፍቆ ፍቆ መልሶ ይጠቀጥቀዋል። የሚወጣው ፍርፋሪ ነገር ነው፣ ሽምብራ የሚያህል፣ በድድ ሲጫኑት የሚፈርስ። ከባድ ነው፣ ይጮኻል፣ በየሳምንቱ መታጠብ ይፈልጋል።

ገበያ ወርጄ ሰይድን ጠየቅሁት። ፍሪጅና ምድጃ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ ልጁን አስተምሬለታለሁ። በዚህ ብርድ በረዶ ምን ያደርግልሻል ብሎ ሳቀ። ለማን እንደሆነ ስነግረው ሳቁን ዋጠ። ሁለቱም የሉትም፣ ግን ጥርስ ለሌለው ሰው ሁለተኛው ነው አለ፤ የመጀመሪያው ለስላሳ ከማቀዝቀዝ አያልፍም። የእማዬ ቀኝ መንጋጋ ባዶ ነው። በግራ ሦስት አሏት፣ ሦስቱም ይነቃነቃሉ።

ቤት ገብቼ ለካሁ። ከጠረጴዛው እስከ መደርደሪያው 44 ሳ.ሜ። የሁለተኛው ማሽን ቁመት 42። ይገባል። ሁለተኛው ይሁን።

ለእማዬ ነገርኳት። በትውልድ መንደሯ በገሳይ ልጅ ሆና ከጉና ተራራ በኩል በረዶ ሲወርድ በሰፌድ እየሰበሰቡ ጥርሳቸው እስኪደነዝዝ ይበሉ እንደነበር አወራችኝ። ማሽኑ እንደዚያ ያለ ይሠራል ወይ አለች። ይሠራል አልኳት። ፊቷ በራ። ስምንት ወር በረዶ ሳጎርሳት ይህን ወሬ አንድ ቀን አላነሳችልኝም። የሰብለ ማሽን፣ ያውም ሳይመጣ፣ ልጅነቷን አስታወሳት።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ጎረቤታችን እትዬ ማንጠግቦሽ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጎራ አሉ። እማዬ ገና ሳይቀመጡ ጀመረች። ልጄ ማሽን ልትልክልኝ ነው። ልጄ እንዲህ ናት። ልጄ እንዲያ ናት። ሁለት ልጅ እንዳላት ለማያውቅ ሰው አንድ ብቻ ይመስለዋል። እትዬም "ታድለሽ" አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ለቀልድ ይመስለኛል፣ አንቺስ ምን ታደርጊላታለሽ አሉኝ።

እደቁሳለሁ አልኩ።

ሁለቱም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ አንጀቴ ግን አረረ።

ከሰዓት 11፡00

ለሰብለ ጻፍኩላት። ከጠረጴዛው እስከ መደርደሪያው 38 ሳ.ሜ ነው፣ ሁለተኛው አይገባም፣ የመጀመሪያውን ግዢ አልኳት።

38! ሃያ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ። ከዚህ ባነሰ ስሕተት ለስንት ተማሪ ዜሮ ሰጥቻለሁ።

ለምን እንደሆነ ለአንተ አልደብቅም። ማሽኑ ድንጋይ ያውጣላት። ታኝከው፣ ይቆጥቁጣት፣ የእኔ አሥራ ሁለት ምት ትናፍቃት። ከዚያ ማሽኑን በጨርቅ ሸፍነን ዳቦ እናስቀምጥበታለን። ሰብለ "እሺ እህቴ" ብላ ቀይ ልብ ላከችልኝ። ለማንም እንዳትናገር።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

መጣ። ከመናኸሪያ በባጃጅ አመጣሁት። ከጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ከበላዩ ክፍቱ ቦታ አፉን ከፍቶ ያየኛል። ድስት ደረደርኩበት።

ውሃ ሞላሁ። አጉረመረመ፣ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ቋ ቋ አደረገ። ለእማዬ አንዱን ሰጠኋት። ከጉንጭ ጉንጭ አንከባለለችው። ቆሜ እጠብቃለሁ። አሁን ትላለች። አሁን። አላለችም። ስልክ አምጪ አለች። ለሰብለ እንደ ቅቤ ይቀልጣል ልጄ አለቻት።

ዋሸች። ፍልሰታ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ እኔ እየሰማሁ። ምርቃት ሰባት።

ሐምሌ 30፣ ረቡዕ

ዘነዘናው ቁም ሣጥን ሥር ገብቷል። የሚጠይቀው የለም። እኔ የማሽኑ ውሃ ቀጂ ሆኛለሁ። የሰፈሩ ሴቶች ሊያዩት ይመጣሉ፤ አንዷ ነካ አድርጋው የሰብለ እጅ ይባረክ ብላ ሄደች። ውሃውን ማን ይሞላል? ማን ያጥበዋል?

ከሰዓት መብራት ጠፋ። ደስ አለኝ። ማሽኑ ዝም፣ የሠራው በረዶ ውሃ። ለካ ማቀዝቀዣ አይደለም፣ የሠራውን ማቆየት አይችልም። አፌን ሞልቼ ለእማዬ ይህን ልነግራት ስገባ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጠማሽ ወይ ብላት የለም አለች።

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ

ጾም ገባ። የነፍስ አባታችን በረዶው መድኃኒት ነው ብለው ፈቅደውላታል። እሷ ግን እስከ ስድስት ሰዓት አልቀምስም ብላ ቆየች። በስድስት ሰዓት ሰጥቻት ወደ ማድቤት ወጣሁ፣ የጨው ዕቃውን ረስቼ ተመለስኩ።

ጣሳዋ ውስጥ ስትተፋ ደረስኩ።

አላየችኝም። ኋላ ጣሳውን ላጥብ ብዬ አነሳሁት። ግማሽ የሟሟ በረዶ፣ ውሃው ሮዝ። የነጠላዋን ጠርዝ አየሁ፤ ደም፣ የትናንትም ያለ ይመስላል። የምትወስደው ክኒን ደም ስለሚያቀጥን ቁስል እንዳያገኛት ጠብቂ ብሎኝ ነበር ዶ/ሩ። ጠብቂ ያለው እኔን ነው።

ስለዚህ አራት ቀን ሙሉ በረዶውን እየተፋች፣ ሰብለን ላለማሳፈር እየዋሸች፣ ተጠምታ ኖራለች። እኔ ደግሞ መቼ ታማርራለች ብዬ ስጠብቅ ነበር። ማድቤቱ እርጥብ ወለል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አፈርኩ። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ በስድስት ሳንቲሜትር።

ነሐሴ 4፣ እሑድ

ዘነዘናው ከተደበቀበት ወጥቷል። የማሽኑን በረዶ ጓሮ ወስጄ እደቁሳለሁ። ድምፁ እንዳይሰማ ከሥሩ ጆንያ አነጥፋለሁ። ከዚያ በማሽኑ ቅርጫት መልሼ አቀርባለሁ፣ ራሱ የሠራው እንዲመስል።

ለምን በግልጽ አልደቁስም? ከደቆስኩ ለምን እባላለሁ፣ ለምን ከተባለ 44ቱ ይመጣል።

አራት ማንኪያ በላች። አልተፋችም። ጣሳውን አይቻለሁ፣ ንጹሕ ነው። ማሽኑ እንደ ወይፈን ተገራ አለች። ወዲያው ስልክ። ምርቃት ዘጠኝ፣ በዚህ ላይ እንባ። ሰብለም በስልኩ ውስጥ አለቀሰች። እኔ አንጓዬን በቅባት እያሸሁ አዳምጣለሁ።

ደብተሬ፣ በሰው መቅናት ለምጄዋለሁ። በማሽንም ቀናሁ። አሁን ደግሞ በገዛ እጄ ሥራ መቅናት ጀመርኩ። ከዚህ በኋላ ምን ቀረኝ?

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ደሙ ቆሟል። ምላሷ ረጥቧል። ዛሬ ስለ ገሳይ እንደገና አወራች፣ ለእኔ ሳይሆን ለማሽኑ ነው የሚመስለው።

ሰብለ ለቡሄ እመጣለሁ አለች። ማሽኑን ላየው ጓጉቻለሁ ትላለች። ድስቶቹን ከላዩ እንደገና ደረደርኩ።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9፡00

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ሰብለ ከረፋዱ 4 ሰዓት ገባች። ልጆቹን ትታ መጥታለች። ሙልሙል፣ ለእማዬ ሹራብ፣ ለእኔ ጫማ። ልኬን ታውቃለች። እኔ የእሷን አላውቅም።

በቀጥታ ማድቤት። ማሽኑን ዳበሰችው። ከዚያ ቀና ብላ ድስቶቹን፣ መደርደሪያውን አየች። ቆየች። ሰፊ ነው'ኮ አለች። አንዱን ድስት አስተካከልኩ። ደግማ አልጠየቀችም። ቅርጫቱን ከፍታ ሁለት ያልተደቆሰ በረዶ በሳህን ይዛ ወጣች። በእጄ ላጉርሳት አለች። ቆይ ላጥበው አልኩ፣ ልደቁሰው ፈልጌ ነበር፣ አልሰማችኝም።

እማዬ አየችው። ምን እንደሆነ አወቀች፤ ዓይኗ ላይ አይቻለሁ። ሆኖም ለሰብለ ፈገግ ብላ አፏን ከፈተች። ያ አፍ። ቁስሉ ገና አልሻረም።

ዝም ብል ትውጠዋለች። ዝም ብል እንደ ቅቤ ነው ትላለች። ማንም አያውቅም።

አትስጪያት አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩት። 44ቱን፣ 38ቱን፣ ጣሳውን፣ ደሙን፣ ጓሮውን፣ ጆንያውን። ተማሪ የሸመደደውን ሲያወርደው እንዲህ ነው።

ሰብለ ሳህኑን አስቀመጠችው። ትጮኻለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። አንቺ ያልሽው ለእማዬ ይሻላል ብዬ እኮ ነው አለች፣ እንባዋ ወረደ። ብትሰድበኝ በተሻለኝ።

እማዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፣ ለምን? ሌላ ሰበብ ፈለግሁ፣ አጣሁ። ምርቃት ፈልጌ ነው አልኩ። አርባ አንድ ዓመቴ ነው። እንደ ሕፃን።

እማዬ ግራ ገብቷት አየችኝ።

"የገዛ እጁን የሚመርቅ ሰው አለ እንዴ፣ ታንጉ?" አለች።

ሰብለ ይህን ስትሰማ የባሰ አለቀሰች። ደግ ቃል ነው መሰለኝ። እትዬ ማንጠግቦሽ ቢሰሙት ለሰፈሩ ይነግሩት ነበር። እኔን ግን ደስ አላለኝም። እጅ መሆን አልፈለግሁም። ልጅ መሆን ነው የፈለግሁት።

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ፣ ከጧቱ 2፡00

ሰብለ በመጀመሪያው መኪና ሄደች። ማሽኑን ይዛ ነው፣ ቀይራ ሁለተኛውን ትልካለች። በር ላይ ስንሳሳም ከመሄዴ በፊት ራሴ ለካሁት፣ አርባ አራት ነው አለችኝ። ሳቀች፣ ግን ሳቁ ሙሉ አልነበረም። ጊዜ ይፈልጋል። ይገባኛል።

እስከዚያው ዘነዘና። ዛሬ ጓሮ አልሄድኩም፣ ጆንያም አላነጠፍኩም። እማዬ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ደቆስኩ። ምቱን እየቆጠረች ታዳምጥ ነበር። አሥራ ሁለት ላይ ሳቆም በቃ አለች፣ ቀድማኝ። ለካ ቁጥሩን ታውቀዋለች።

ትናንት ያለችውን ሳስበው ነበር። እሺ፣ እጅ ነኝ። እጅም ያረጃል። ሰብለ ሦስት ልጆች አሏት፣ አንዱ ቢቀር አንዱ ይደቁስላታል። ለእኔ ማን ይደቁስልኛል? እኔ ያለኝ አንተ ነህ፣ አንተ ደግሞ ማንኪያ አትይዝም። ስለዚህ ወስኛለሁ። ዕድሜውን፣ ወጉን፣ ማዕረጉን ሁሉ ለሰብለ ትስጣት፣ ይገባታል። እኔ አንዷን ብቻ ነው የምፈልጋት፣ ጧሪ አያሳጣሽ የምትለዋን።

እየጠራችኝ ነው። ሦስት ማንኪያ በሳህን አቅርቤያለሁ፣ ከዳር መቅለጥ ጀምሯል። ማንኪያውን ከማንሳቴ በፊት መርቂኝ እላታለሁ። እምቢ ብትልም አጎርሳታለሁ። ግን እጠይቃታለሁ።