«ብልህ ጆሮ» ልጄን ስላልሰማበት ቀን ለክቡር ርዕሰ መምህር

ለተከበሩ አቶ ዓለምሰገድ
የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር
ቦሌ ቡልቡላ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ቢሮዎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ትልቁ ስክሪንም እንደምን ሰንብታችኋል? እኛ የቦሌ ሚካኤል መጋረጃ ሻጮች አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ስሜ ፈሂማ ይባላል፤ የአራተኛ ክፍሏ የሳጂዳ እናት ነኝ። በአካል ቀርቤ ላነጋግርዎ ብመላለስም ጸሐፊዎ «በመተግበሪያው በኩል ቀጠሮ ይያዙ» ስለምትለኝ፣ መተግበሪያው ደግሞ ቀጠሮ ልይዝ ስል «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» ብሎ ስለሚዘጋብኝ፣ ይህን ደብዳቤ በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ። ለድፍረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ቅሬታዎቼንም እንደ ሥርዓቱ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. «ብልህ ጆሮ» የተባለውን የንባብ መተግበሪያ ለልጆቻችን ስላስገቡልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አትላስ አካባቢ ባለው ሆቴል ሥልጠናውን ወስደው ሲመለሱ ፊትዎ ላይ የነበረውን ብርሃን ያየን ወላጆች፣ ምሳው ብቻውን ያን ያህል ሊያበራ እንደማይችል ተስማምተናል። አሠራሩን ለማያውቅ ላስረዳ፦ ልጁ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ያደርጋል፣ ታብሌቱ ላይ የወጣለትን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነባል፣ መተግበሪያው እየሰማ ውጤት ይሰጠዋል። ልጁ ትንሽ ዝም ካለ ግን አንዲት ደስታ የማይለያት ሴት ከውስጥ ሆና «ጎበዝ! እስቲ እንደገና እንሞክር!» ትለውና ወደ መጀመሪያው መስመር ትመልሰዋለች።

ልጄ ሳጂዳ ትንተባተባለች። ሳስመዘግባት ነግሬዎታለሁ፤ እርስዎም በትሕትና ራስዎን ነቅንቀዋል። የቃሉ የመጀመሪያ ፊደል ይይዛታል፣ ትታገለዋለች፣ ከዚያ ይወጣል። ሦስተኛ ክፍል ስትገባ ሰው ፊት አፏን አትከፍትም ነበር። የአማርኛ መምህርቷ ሚስ ማዕዛ ልጆቹን በክብ አስቀምጣ በየተራ ታስነብብ ነበር፤ ሕጓም አንድ ብቻ ነበር፦ የሌላውን ቃል ማንም አይጨርስለትም። ዓመቱ ሲያልቅ ልጄ የሱቆችን ማስታወቂያ ሳታነብ የማታልፍ፣ ታክሲ ውስጥ የተለጠፈውን ጥቅስ ጮክ ብላ እያነበበች ተሳፋሪውን የምታስቅ ልጅ ሆና ነበር።

፪ኛ. ያንን ክብ «የክፍለ ጊዜ ብክነት» ብለው ስላስፈረሱልን ደግሞ ልዩ ምስጋና ይገባዎታል። ዘንድሮ ልጆቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ለየብቻ ለታብሌታቸው ያነባሉ። በአንድ ክፍል ውስጥ ይህን ያህል ሕፃን ጮክ ብሎ እያነበበ ማንም ማንንም እንዳይሰማ ማድረግ ቀላል ሙያ አይደለም።

፫ኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ነገር ግን ቀጥሎ የሆነው በቁጥር ተከፋፍሎ አልገባ ስላለኝ፣ እንደሆነው አድርጌ ልንገርዎ።

አንድ ቀን ሱቄ ውስጥ ለደንበኛ መጋረጃ እየዘረጋሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። «እንኳን ደስ አለዎት! ልጅዎ ሳጂዳ የክፍሏ ምርጥ አንባቢ ሆናለች» ይላል። ለደንበኛዋ አነበብኩላት፣ ጎረቤት ላለው ስልክ ጠጋኝ ለአሌክስ በመስኮት ጮኼ ነገርኩት፣ እልልም አልኩ። ሳጂዳ ከትምህርት ቤት ስትመጣ አቅፌ ሳምኳት፤ እሷ ግን ከእጄ ሾልካ ከተሰቀሉት መጋረጃዎች ኋላ ገባች።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«ኡሚ፣ እ... እ... እኔ አይደለሁም። ሩሃማ ናት ያነበበችልኝ።»

ሩሃማ አጠገቧ የምትቀመጥ ጓደኛዋ ናት። ልጄ በየቀኑ ከመጀመሪያው መስመር ሳታልፍ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅባት አይታ አዘነችላት፤ የራሷን ጨርሳ የሳጂዳን ታብሌት ወደ አፏ አስጠግታ ስታነብላት ከርማለች። ብልህ ጆሮዎ የሁለቱን ድምፅ አልለየም። ልጄ ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ አንዲት መስመር አላነበበችም፤ ታክሲ ውስጥም ዝም ማለት ጀምራ ነበር። እኔ ደክሟት መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ፣ በወላጆች ቀን ሊሸልሟት ማሰብዎን ሰምቼ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠብቄ እውነቱን ነገርኩዎ። እርስዎም የመኪናዎን መስኮት በደግነት ዝቅ አድርገው፣ «ወይዘሮ ፈሂማ፣ ሲስተሙ ብዙ አገር የተፈተነ ነው፤ ልጅዎን አይጠራጠሩ» አሉኝ። ልጄን እንዳልጠራጠር የመከሩኝ፣ ልጄ የነገረችኝን እንዳላምን መሆኑ ነው። ምክርዎን እስከ ዛሬ እያሰብኩበት ነው።

የወላጆች ቀን ደረሰ። መተግበሪያውን የሸጡልን ሰዎች ከፊት ተቀምጠዋል፤ አዳራሹ በፊኛ አጊጧል። እርስዎም ረዥም ንግግር ካደረጉ በኋላ፣ ምርጧ አንባቢ መድረክ ላይ ወጥታ በቀጥታ ታነብልናለች አሉ። እኔ እጇን ይዤ ከአዳራሹ ልወጣ ተነሣሁ። ሳጂዳ ግን እጇን ከእጄ አወጣች።

«ላ... ላንብብ» አለችኝ። ወደ መድረኩም ወጣች።

ታብሌቱ ላይ የወጣላት ጽሑፍ ስለ ንብ ነበር። «ን... ን...» እያለች ስትታገል ያቺ ደስተኛ ሴት ከግዙፎቹ ስፒከሮች ውስጥ «ጎበዝ! እስቲ እንደገና እንሞክር!» ብላ አዳራሹን አናወጠችው። ከኋላ አንዳንዱ ሳቀ። ልጄ እንደገና ጀመረች፤ ሴትየዋም እንደገና አቋረጠቻት። ሳቁ ጨመረ። በዚያች ሰዓት ምን እንደተሰማኝ ልጽፍልዎ ብሞክር ደብዳቤው ጨዋነቱን ያጣል።

ያን ጊዜ ሚስ ማዕዛ ከመምህራኑ ወንበር ተነሥታ ወደ መድረኩ ሄደች፤ የስፒከሩን ገመድ ነቀለች፤ ታብሌቱን ከልጄ እጅ ተቀብላ የአማርኛ መጽሐፏን ሰጠቻትና አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «የፈለግሽውን ገጽ» አለቻት። እርስዎ ከወንበርዎ ሆነው «ሚስ ማዕዛ! ሚስ ማዕዛ!» ሲሉ ሁላችንም ሰምተናል፤ ያን ቀን እንኳ ያለ ስፒከር በመሰማትዎ ደስ ብሎኛል።

ሳጂዳ አነበበች። ብዙ ቦታ ላይ ያዛት። አንድ ቃል ላይማ እጅግ ከመቆየቷ የተነሣ የሩሃማ እናት ውባንቺ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። የአራተኛ ክፍል ልጆች ከፊት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አንዳቸውም አልሳቁም፣ አንዳቸውም ቃሉን አላቀበሏትም። ከእንግዶቹ አንዱ ሰዓቱን አየ። ልጄ ገጹን ጨረሰች፣ መጽሐፉን ዘጋች፣ ማንም ሳያጨበጭብላት ወርዳ ጭኔ ላይ ተቀመጠች። ልቧ እንደ ወፍ ልብ ይመታ ነበር፤ ግን «ኡሚ፣ ውሃ ጠማኝ» ያለችው ያለ አንድ መያዝ ነው።

ከዚያ የወሰዷቸውን ፈጣን እርምጃዎች በአድናቆት ተከታትያለሁ። ሚስ ማዕዛን «የትምህርት ቤቱን ገጽታ በማበላሸት» ከክፍል አንሥተው የታብሌት ቻርጅ ማድረጊያ ክፍል ኃላፊ አደረጓት፤ የአሥር ዓመት የማስተማር ልምድ ሶኬት ለመጠበቅ እንዲህ ሲውል ማየት ያስደስታል። ለእኔ ደግሞ «ልጅዎ እንዳትጨነቅ ከንባብ ነፃ አድርገናታል» የሚል መልእክት ላኩልኝ። ሳነብላት ሳጂዳ ጥቂት አሰበችና «ከ... ከምሳስ ነፃ ያደርጉኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን ስላላወቅሁ ወደ እርስዎ አስተላልፌዋለሁ።

አሁን በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ወደ ቻርጅ ክፍሉ እየሄዱ ከሚስ ማዕዛ ጋር በገመዶቹ መሀል ተቀምጠው ያነባሉ። ይህን የምነግርዎ መደበቅ ስላልቻልኩ አይደለም፤ እኛ ወላጆች ፈቅደናል፣ በሩ ቢቆለፍም ግቢው ሰፊ ነው። የምንጠይቅዎም ጥቂት ነው፦ መምህርቷን ወደ ክፍሏ ይመልሱልን፤ ለልጄ የሰጧትን ነፃነት ይውሰዱላት። ሐሙስ ጠዋት እኔ፣ ውባንቺና የቀሩት ወላጆች ቢሮዎ በር ላይ እንገኛለን። ቀጠሮ አልያዝንም።

እድሜና ጤና ሰጥቶዎት፣ ማዕረግዎ ከፍ ብሎ፣ ኔትወርክዎ ሳይቋረጥ እንዲኖሩ ዘወትር የምመኝልዎ፣ በመተግበሪያዎ የቀጠሮ መስመር ላይ ከረዥም ጊዜ ጀምሮ እየጠበቅሁ ያለሁ፣

አክባሪዎ
ፈሂማ፣ የሳጂዳ እናት
ቦሌ ሚካኤል

ማስታወሻ፦ ጎረቤቴ አሌክስ የወላጆች ቀን ንግግርዎን ከቴሌግራም አውርዶ ለብልህ ጆሮ አሰምቶት ነበር። ለፍጥነት ሙሉ ኮከብ፣ ላለማቋረጥ ሙሉ ኮከብ ሰጥቶዎታል፤ እንኳን ደስ አለዎት። መጨረሻ ላይ ለልጆች የሚያወጣውን «ካነበብከው ምን ተረዳህ?» የሚል ጥያቄ ሊያዘጋጅ ሲሞክር ግን፣ ከንግግሩ ውስጥ የሚጠየቅ ነገር ስላላገኘ ይቅርታ ጠይቆ ወጥቷል።