ከጭቁኙ ጋር የመጣችው አበባ

ማክሰኞ፣ ሜይ 20፣ 2014፣ ክላርክስተን

አማቼን የመግደል ሐሳብ ኖሮኝ አያውቅም፤ ይህ ለማንኛውም በጽሑፍ ይኑርልኝ።

ባሌ ዳዊት ትራኩን ይዞ ከኔቫዳ ሲመለስ፣ ከበረሃው መንገድ ዳር አንድ ፌስታል ሙሉ ቅጠል ነቅሎ መጣ። አባቱ አሸተቱና "ይኸው ጭቁኝ! የሆዴ መድኃኒት!" ብለው ፈረዱ። ሽታው እውነትም ቁርጥ ጭቁኝ ነው። ዛሬ ከምሳ በኋላ አፍልተው አንድ ኩባያ ጠጡ።

ፌስታሉን ስገለብጥ አንዲት ትንሽ አበባ ወደቀች። ነጭ ናት፤ ሥሯ እንደ ሽንኩርት ድቡልቡል ነው። ማሰሮውን ከፍቼ ሳይ እኅቷ ውስጡ ተቀቅላለች።

ስልኬ ላይ ፈለግኩ። ወይ የዱር ሽንኩርት ናት፣ ወይ በግ የምትፈጅ መርዝ። ሽንኩርት ሽንኩርት ከሸተተች ደግ ናት ይላል። ሦስት ቀን ከጭቁኝ ጋር ታሽጋ የከረመች አበባ ምን ትሸታለች? ጭቁኝ! ጣቴም፣ ፍሪጁም ጭቁኝ።

ወደ መርዝ መረጃ መስመር ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው ሴት "አሁኑኑ ኢመርጀንሲ ውሰጃቸው" አለችኝ። መኪናው ከዳዊት ጋር ማሪዬታ ነው፤ ነግሬው ወደዚህ እየበረረ ነው።

"አባባ፣ አምቡላንስ ልጥራልዎት?"

"ለአንድ ኩባያ ቅጠል? ሂጂ ወዲያ! እንዲያውም ሆዴ ቀለል ብሎኛል" አሉና ሶፋው ላይ ጋደም አሉ።

አምስት ዓመት ሙሉ ማንኮራፋታቸው እንዲቆም ስሳል የኖርኩት ሴት፣ ዛሬ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እያንዳንዷን የማንኮራፋት ድምፅ እንደ ጸሎት እየተከተልኩ ነው። አንዷ ትመጣለች፣ ሌላዋ ትዘገያለች።

አሁንስ በጣም ዘገየች። ቢቆጡም የራሳቸው ጉዳይ፣ አምቡላንሱን ልጥራ።